አውሮፕላን እስኪያልፍ

ገርጂ፣ መስከረም 14 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ልጄ ለብሩክታይት ገረመው፣ ባንጋሎር፣ ህንድ አገር።

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ቸሩ አምላክ ይክበር ይመስገን ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ። አክስትሽ ፀሐይነሽ ደህና ናት። ላሟም ደህና ናት። የጎረቤቱ ውሻ እንደ ድሮው ያለ ምክንያት ይጮሃል።

ፊደሉ እንግዳ ሆኖብሽ እንደሆነ የሀይደር ነው። መገናኛ ያለውን ሱቁን ዘግቶ ወደ ቤቱ ሲያልፍ እኛ ደጅ ጎራ ይላል፤ በርጩማው ላይ ተቀምጦ የምለውን ይጽፍልኛል። ቆርቆሮና ምስማር ሲሸጥ የዋለ እጅ እንዲህ ያለ ፊደል ይጥላል ብዬ አልጠበቅሁም። «ይሄንንም ልጻፈው?» ይለኛል አሁን። ጻፈው ብዬዋለሁ። ፡ ፡ ፡ ፡ ፡ ፡ ፡

ይህ ነጥብ ምንድን ነው እንዳትዪ። አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ድምፄ ስለማይሰማ አፌን እዘጋለሁ። ሀይደር ደግሞ እጁ ሥራ ሲፈታ አይወድም፤ አውሮፕላኑ እስኪያልፍ ድረስ ሁለት ነጥብ፣ ሁለት ነጥብ እያደረገ ይጠብቀኛል። ተው ብለው እምቢ አለ። ነጋዴ ባዶ ወረቀት ሲያይ ያመዋል መሰለኝ።

ዓይንዎ ከጠፋ ወዲህ ሰዓቱን በምን ያውቃሉ ላልሽው፣ በአውሮፕላን ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሁለት ዘንግ ይዤ አውሮፕላን ወደ ማቆሚያው ስጠራ ኖሬ፣ ጡረታ ስወጣ የእጅ ሰዓት ሸለሙኝ። ሰዓቱ ዛሬም እጄ ላይ አለ፤ የማይበት ዓይን ነው የሌለኝ። አውሮፕላኖቹ ግን አልተዉኝም። የጠዋቷ ድምጿ ቀጭን ነው፤ እሷ ስትነሳ ሁለት ሰዓት ይሆናል። የከሰዓቷ ጉሮሮውን የሚጠርግ ሽማግሌ ትመስላለች። አንዳቸውም በሰዓታቸው አይመጡም፤ አንዷ ትቀድማለች፣ አንዷ ትዘገያለች። ቢሆንም የሁሉንም ጠባይ ስለማውቅ ቀኑን ሙሉ ሳዳምጣቸው ሰዓቱ ይወጣልኛል። ፡ ፡ ፡ ፡ ፡ ፡ ፡ ፡ ፡ ፡ ፡ ፡ ይቺ ለምሳሌ ዛሬ ዘግይታለች።

ለመሆኑ አንቺ እዚያ የምትማሪው ምንድን ነው? ሰው ሲጠይቀኝ «ስልክ ነገር ነው» እያልኩ አፍሬአለሁ። ፡ ፡ ፡

አባትሽ ገረመው


ባንጋሎር፣ ጥቅምት 6 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ

አባባ፣ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? አክስቴ ፀሐይነሽ፣ ላሟ፣ ውሻውም ሳይቀር እንደምን ናቸው? ጋሽ ሀይደር፣ ይህን የሚያነቡት እርስዎ ነዎትና እርስዎም እንደምን ነዎት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። የዚህ አገር ዝናብ እስካሁን አላባራም።

የምማረውን ለጠየቀዎት ሰው እንዲህ ብለው ይንገሩልኝ። በሽቦ ላይ አንድ ነገር ይመጣል፤ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ሌላ ጠባይ የለውም። የላከው መሳሪያ የራሱ ሰዓት አለው፤ በዚያ ሰዓት ምት እየቆጠረ ይልካል፤ ሰዓቱን ግን አይልክም። የሚቀበለው መሳሪያ ጨለማ ውስጥ እንደተቀመጠ ሰው ነው። የሚሰማው ከፍ ማለቱና ዝቅ ማለቱ ብቻ ነው። ከዚያው ከሚሰማው ተነስቶ የላኪውን ምት ማግኘት አለበት፤ ካላገኘ ሦስቱን አራት ብሎ ይቆጥርና መልእክቱ ሁሉ ይበላሻል። አባባ፣ እዚህ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ይህ እርስዎ ደጃችን ላይ ተቀምጠው የሚያደርጉት ነገር ነው። መምህራችን እኮ ለማስረዳት ሦስት ሳምንት ፈጅቶበታል።

ይህ ሥራ አንድ ጠላት አለው፤ እሱም ረጅም ዝምታ ነው። መስመሩ ሳይለዋወጥ ብዙ ከቆየ ተቀባዩ የያዘው ምት ቀስ እያለ ይሸሸዋል። ስለዚህ ላኪው ዝምታ እንዳይረዝም ትርጉም የሌለው ለውጥ ጣል ያደርጋል፤ ተቀባዩ ሰዓቱን ያስተካክልበትና ይጥለዋል። ከመልእክቱ በፊትም ምንም የማይናገር ሰላምታ ይላካል፣ ተቀባዩ ምቱን እንዲይዝ። ክፍል ውስጥ ይህን ስሰማ ብቻዬን ሳቅሁ። ላሟ ደህና ናት፣ ውሻው ደህና ነው የምንባባለው ለካ ለዚህ ነው።

እስከ ግንቦት እንዲህ ያለ መሳሪያ ሠርቼ ማሳየት አለብኝ። ለገና ግን ብመጣ ምን ይመስልዎታል? ያላሉኝ ነገር ያለ ይመስለኛል።

ልጅዎ ብሩክታይት


ገርጂ፣ ኅዳር 1 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለብሩክታይት

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ ሁላችንም፣ በስም የጠራሻቸው እንስሳት ጭምር፣ ደህና ነን።

የጻፍሽውን ሀይደር ሁለት ጊዜ አነበበልኝ። ስለ ዝምታው ያልሽው እውነት ነው፣ በኔም ደርሷል። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ጭጋግ ወርዶ አንዲትም አውሮፕላን ሳትነሳ ዋለች። እኔ ገና አልነጋም ብዬ ቁርሴን እየጠበቅሁ ተቀምጬ፣ ፀሐይነሽ መጥታ «ምሳህን ለምን አልበላህም?» ብላ ተቆጣችኝ። ለካ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ጸጥ ሲል ጊዜው የቆመ መስሎኝ ነበር። ፡ ፡ ፡ ፡ አውሮፕላን እያለፈ ነው፤ አባትሽ ነጥብ የምጠቀጥቅ መስሎታል። እኔ ሀይደር ነኝ ብሩክታይት፣ ፈጥኜ ልጻፍ። ሳሉ ከመስከረም ወዲህ አልለቀቀውም። ሐኪም ቤት ወስጄው ሳምባው ነው አሉኝ። እንዳልነግርሽ አስምሎኛል፤ የማልኩት በአፌ እንዳልናገር ነው፣ ስለ መጻፍ አላነሳብኝም። አለፈች። ፡ ፡

ምን ያንኳኳል ይህ ሰውዬ፣ ዛሬ ነጥቡ በዛ እኮ። ለገና እመጣለሁ ያልሽውን ተዪው። ከመሃል አቋርጦ የሄደ አይመለስም ብለው እንዳስፈረሙሽ የነገርሽኝ አንቺው ነሽ። ፡ ፡ ፡ ፡ ፡ ፡ ፡ ፡ ፡ እኔ የትም አልሄድም። ጨርሰሽ ነይ።

አባትሽ ገረመው


ባንጋሎር፣ ኅዳር 24 ቀን 1988 ዓ.ም.

ጋሽ ሀይደር፣ ይህን የመጀመሪያውን አንቀጽ ጮክ ብለው አያንብቡት። ስለ ነገሩኝ እግዜር ይስጥልኝ። ከባሰበት አንድ ቃል ይጻፉልኝ፤ ፊርማውንም ትምህርቱንም ጥዬ እመጣለሁ። የኛን ሰው አውቀዋለሁ፤ ሩቅ ላለ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም ብሎ ይደብቃል። እርስዎ ይህን አያድርጉብኝ። አሁን ከዚህ በታች ያንብቡለት።

አባባ፣ እንደምን ነዎት? እኔ ደህና ነኝ። ትናንት ሕልም አየሁ። እርስዎ ማቆሚያው ላይ ቆመው በሁለቱ ዘንግ አውሮፕላን ይጠራሉ። አውሮፕላኗ ትመጣለች፣ ድምፅ ግን የላትም፤ ከእጅ እንዳመለጠ ወረቀት ቀስ እያለች ትወርዳለች። «አባባ፣ ስንት ሰዓት ነው?» ስልዎ «ገና አልነገረችኝም» አሉኝ። ስነቃ ትራሴ ላይ የመስኮቱ ውኃ ይንጠባጠብ ነበር።

መሳሪያዬ አሁንም ዝምታ አይችልም። አሥር ያህል ምት መስመሩ ካልተለዋወጠ ይጠፋበታል። ለገና ልምጣ ወይስ አልምጣ የሚለውን እርስዎ ቆርጠው ነግረውኛል፤ እኔ ገና አልቆረጥኩም።

ልጅዎ ብሩክታይት


ገርጂ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለብሩክታይት

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። አክስትሽም ደህና ናት። ደብዳቤሽ ደርሶኝ ደስ ብሎኛል። ልጄ፣ ስለ ጤናዬ ምንም አታስቢ። የሚያስቸግረኝ ነገር የለም፤ ሳሉም ትቶኛል። የሚያስፈልገኝም ነገር የለም። አንቺ ትምህርትሽን ብቻ አስቢ። ለገና መምጣት አያስፈልግም፤ የአውሮፕላን ገንዘብ ከየት ይመጣል? እዚህ ያለው ሁሉ እንደነበረ ነው፤ ብርዱ ግን ዘንድሮ ጠንክሯል። ሀይደር ሰላም ብሎሻል። ልጄ፣ ሰው የጀመረውን ሲጨርስ ነው የሚያምርበት። ሕልሙ ጥሩ ሕልም ነው፤ አውሮፕላን በሰላም መውረዷ ደግ ነው። በርቺ። ልጄ፣ ሁሌም አስብሻለሁ።

አባትሽ ገረመው


ባንጋሎር፣ ጥር 9 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ

አባባ፣ እንደምን ነዎት? እንኳን ለጥምቀት አደረሰዎ። ስለ ናዲያ ነግሬዎታለሁ አይደል? አብራኝ የምትኖረው የቦሌዋ ልጅ ናት። ለገና እኔ ስላልሄድኩ እሷም ሳትሄድ ቀርታ ሁለታችን ሩዝ ላይ በርበሬ ነስንሰን በላን።

ሳሉ ስለተወዎት ደስ ብሎኛል። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አየሁት። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አድርጌም አየሁት። አንዴም ሳያቆም የሚፈስ ደብዳቤ ነው። አባባ፣ አውሮፕላኖቹ ቀሩ እንዴ? ወይስ ነፋሱ ዞሮ በሌላ በኩል መነሳት ጀመሩ?

እንዲያው ነው የጠየቅሁዎ። ይጻፉልኝ። የሚጽፉት ቢያጡ ስለ ላሟ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ብሩክታይት


ገርጂ፣ የካቲት 2 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለብሩክታይት

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ላሟ ወልዳለች። ጥጃው ወንድ ነው ሲሉኝ ነበር፤ ሴት ሆና ተገኘች። አክስትሽ ደስ ብሏታል። ፡ ፡ ፡ ፡ ፡

አውሮፕላኖቹ አልቀሩም፣ እንደ ድሮው ያልፋሉ። ያለፈው ጊዜ ቀኑ ጸጥ ያለ ስለነበረ ነው ነጥብ ያጣሽው። ልጄ፣ በትንሽ ነገር አትጨነቂ። ፡ ፡ ፡ ፡ ፡

የጥምቀት ለት ታቦቱ ሲያልፍ ሰዉ ሁሉ ደጃችን ላይ ቆሞ ነበር። ስላንቺ የጠየቀኝ ብዙ ነው። መቼ ትመጣለች ይላሉ፤ ጨርሳ ነው እላለሁ። ፡ ፡ ፡ ፡ ፡

መሳሪያሽ ዝምታ አልችል ብሏል ያልሽኝን አስቤበታለሁ። ቀስ በቀስ ይለምዳል። ሁሉም ይለምዳል። ልጄ፣ አይዞሽ። ፡ ፡ ፡ ፡ ፡

አባትሽ ገረመው


ባንጋሎር፣ የካቲት 27 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ

አባባ፣ እንኳን ላሟ ወለደች። ለአክስቴ ደስታዬን ይንገሩልኝ።

ሦስት ቀን ትምህርት አልገባሁም፣ አሞኝ ነበር። ያስታመመችኝ ናዲያ ናት፤ ከአጠገቤ አልተነሳችም። አሁን ተነስቼ ሥራዬ ላይ ነኝ። የሚገርምዎት፣ ከተነሳሁ በኋላ መሳሪያውን የማስተካክልበት መንገድ ታየኝ። ዝምታ ሲመጣበት ይደነግጥና አዲስ ምት ይፈልግ ነበር። አሁን የመጨረሻውን የያዘውን ምት አጥብቆ ይዞ እንዲጠብቅ አደረግሁት። ሃምሳ ምት ጸጥ ብንለው እንኳን አይጠፋበትም።

ጋሽ ሀይደር እንዳይደክማቸው እሰጋለሁ። በቀን ሱቅ፣ በማታ ጽሕፈት። ቢሆንም መጻፉን አይተዉብኝ ይበሉልኝ።

ልጅዎ ብሩክታይት


መገናኛ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለብሩክታይት ገረመው

ሰላም ላንቺ ይሁን። ይህን የምጽፈው እኔ ሀይደር ነኝ፣ የሚያስጽፈኝ የለም።

አባትሽ ኅዳር 28 ቀን አርፏል። ሳሊተ ምሕረት ከእናትሽ አጠገብ ተቀብሯል። ቁርጡን ንገሩኝ ያልሽበት ደብዳቤ ሲደርሰኝ ድንኳኑ ተነስቶ ነበር። አክስትሽ መርዶ በፖስታ አይላክም፣ አገርዋ ስትገባ ዘመድ ተሰብስቦ ጎህ ሲቀድ ይነገራታል አለች። እሱም በመጨረሻዋ ሳምንት «እስክትጨርስ ጻፍላት፣ አደራህን» ብሎኝ ነበር። አደራና ያንቺ ልመና መሃል ገባሁና አደራው አሸነፈኝ።

የጻፍኩልሽ ሱቄ ውስጥ፣ ቆርቆሮው ጀርባ፣ ቀትር ላይ ገዢ ሲጠፋ ነው። በሱ ደጅ ተቀምጬ መዋሸት አቃተኝ። እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ እንደሱ ስጽፍ እጄ የሱን አፍ ለመደው። ነጥብ አጥተሽ ስትጠይቂ ደግሞ ነጥብ ጨመርኩልሽ። ወላሂ በዚህ ሁሉ ያፈርኩት በነጥቡ ነው።

ሌላም ልንገርሽ። አንቺን ለማጽናናት ብቻ አልነበረም። ስጽፍ ሲናገር ይሰማኝ ነበር። ሁላቸው ቀብረውት ተመለሱ፣ እኔ ግን እስካሁን አልቀበርኩትም። ያለፈው ደብዳቤሽ ሲደርስ፣ አሞኝ ነበር ያልሽውን ሳነብ፣ ከዚህ በላይ መዋሸት እንደማልችል ገባኝ። ይቅር በዪኝ።

ሀይደር


ባንጋሎር፣ ግንቦት 17 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ሀይደር

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ሱቁስ? ሰላምታ የማበዛው ምት እንዲይዙልኝ ነው፤ የምጽፈው ቀላል ነገር አይደለም።

ያመመኝ የመሰለዎትን ሦስት ቀን ለቅሶ ላይ ነበርኩ። ናዲያ ምንጣፍ አንጥፋ አስቀመጠችኝ፤ የምታውቃቸውን አራት የአገር ልጆች ጠርታ አብረውኝ ተቀመጡ። የታኅሣሡ ደብዳቤ ሲመጣ አንድም ቦታ አለመቆሙ አስደንግጦኝ ነበር፤ ነፋሱ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። የየካቲቱ ሲመጣ ማስመሪያ አውጥቼ ለካሁት። በየአራተኛው መስመር አምስት ነጥብ፣ በየአራተኛው መስመር አምስት ነጥብ። ቆርቆሮ ላይ ምስማር እንደሚመታ ሰው እኩል እኩል አድርገው ነው የተከሉት። የአባባ አውሮፕላኖች እንዲህ ሆነው አያውቁም። አንዷ ትቀድማለች፣ አንዷ ትዘገያለች። እዚህ የተማርኩት ዋናው ነገር ይህ ነው፤ እውነተኛ ምት ጥቂት ይዋዥቃል፣ ከማይዋዥቅ ተጠንቀቅ ይሉናል። ደብዳቤው ውስጥ የአባባ ሰዓት እንደሌለ ያን ጊዜ አወቅሁ።

ታዲያ ለምን ዝም አልሽ ይሉኝ ይሆናል። መጀመሪያ ተናደድኩ። ቢነግሩኝ ከቀብር ባልደርስ እንኳን ለአርባው እደርስ ነበር። ይህ አሁንም ያመኛል፣ አልሸሽግዎትም። ንዴቴ ሲበርድ ግን ሁለቱን ደብዳቤዎች እንደገና ወደ ብርሃን አደረግኋቸው። የአባባ ሰዓት ባይኖርም የሌላ ሰው ሰዓት እንዳለ አየሁ። «ልጄ» የሚለው ቃል ጋ ሲደርሱ ብዕርዎ ሁልጊዜ ይቆማል። ከቃሉ በፊት ቀለሙ ወፍሯል፤ አንድ ቦታ ላይ ወረቀቱ ሊበሳ ደርሷል። አንዳንዴ ለረጅም ጊዜ፣ አንዳንዴ ለአጭር፣ አንዴም እኩል ሳይሆን። የሚያስጽፈኝ የለም ብለው ከሆነ ተሳስተዋል። ይህኛው ውሸት እንዳልሆነ አወቅሁ፤ የያዝኩትም እሱን ነው። እርስዎ ቢያቆሙ የምይዘው አይኖረኝም ነበር፤ እኔም ባቆም እርስዎ የሚጽፉለት እንዳያጡ ፈራሁ።

መሳሪያዬ ትናንት ተፈትኖ አለፈ። ዓርብ ሰኔ 14 ቀን ከሰዓት በኋላ እገባለሁ። መምጣቴን ለአክስቴ ይንገሩልኝ፤ ማወቄን ግን አይንገሩባት። ዘመድ ትሰብስብ፣ ጎህ ሲቀድ ታርዳኝ። አላስመስልም፤ ያን ጊዜ እንደ አዲስ የሚያስለቅሰኝ ሞልቶኛል። እርስዎ ግን ሊቀበሉኝ አየር ማረፊያ አይምጡ። ያ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይጻፉልኝ፣ የራስዎን።

ብሩክታይት


ገርጂ፣ ዓርብ ሰኔ 14 ቀን 1988 ዓ.ም.

ልጄ፣

ይህ ደብዳቤ ፖስታ ቤት አይሄድም፣ ከእጄ ትቀበይኛለሽ። ጁምዓ ሰግጄ ሱቄን ሳልከፍት ቀጥታ እዚህ መጣሁ። አክስትሽና ዘመዶችሽ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው እንዳያሳውቁብሽ እየተማከሩ ወደ አየር ማረፊያ ሄደዋል። ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔ፣ ላሟና ጥጃዋ ነን። ውሻው ይጮሃል።

በርጩማው ላይ ከኅዳር ወዲህ ዛሬ ተቀመጥኩ። ዝናቡ አሁን ቆመ፣ ባሕር ዛፉ ይንጠባጠባል። የአባትሽ ወንበር ባዶ ነው፤ ስላለቀስኩ ፊደሉ ቢበላሽ አትፍረጂብኝ። አውሮፕላኖቹን እንደሱ ለይቼ አላውቃቸውም። ፡ ፡ ፡ ፡ ፡ ፡ ይቺ ወጪ ናት፣ ያንቺ አይደለችም። ስለ አርባው ያልሽውን አንብቤዋለሁ። እሱ በደሌ ነው።

ከላይ መጀመሪያ የጻፍኩትን ቃል ወደ ብርሃን አድርጊና እዪው። ዛሬ ሳልቆም ጻፍኩት። ፡ ፡ ፡

የቡና ቤቱ ሬዲዮ አሥር ሰዓት አለ፣ ዘግይታለች። አባትሽ ቢኖር ጠባይዋ ነው፣ ትደርሳለች ይለኝ ነበር። አሁን ከወደ ምሥራቅ አንዲት ወፍራም ድምፅ ትሰማኛለች፤ ወንበሩም ጥቂት የተንቀጠቀጠ መሰለኝ። ላሟ ቀና አለች። ልጄ፣ ፡ ፡ ፡ ፡ ፡ ፡ ፡ ፡ ፡ ፡ ፡ ፡ ፡ ፡ ፡ ፡ ፡ ፡ ፡ ፡ ፡ ፡ ፡